ካርዳን ያለው ሞተር ሳይክል፦ ዝም ያለውን ዘንግ ከክረምት በፊት መክፈት

ካቴና ያለው ሞተር ሲቸግረው ይናገራል። ሲላላ ይንቋቋል፣ ሲደርቅ ይጮሃል፣ ሲያረጅ ጥርሱ ሹል ሆኖ ዓይን ይወጋል። ካርዳን፣ ማለትም በካቴና ፈንታ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርስ ዘንግ፣ ያለው ግን ዝም ነው። ዘንጉ ቱቦ ውስጥ ተደብቆ ይዞራል። አይታይም፣ አያቆሽሽም፣ አያስቸግርም። «ካርዳን እኮ ጥገና አይፈልግም» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚሁ ዝምታ ይመስለኛል።

ሞተሬን የሸጠልኝ ሰውዬም ያለኝ ይህንኑ ነው። «ዘይት ብቻ እየቀየርክ ንዳ፣ ሌላ ነገር የለውም።» እኔም ዘይት እየቀየርኩ ነዳሁ። የኤንጂኑን ዘይት! የኋላው ጎማ ጋ ያለችው ድብልብል ቤት የራሷ ዘይት እንዳላት ያወቅኩት ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው። ብሎኑን ስፈታ የወጣው ጥቁር ነገር አንዲት የቡና ሲኒ አይሞላም። መኖር የነበረበት ሦስት ሲኒ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ወጪ ብታውቁ ይህን ጽሑፍ ለምን እንደጻፍኩ ይገባችኋል።

እዚህ የምጽፈው አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ በተለመዱ መፍቻዎች የምሠራውን ነው። የእናንተ ሞተር ማኑዋል ከእኔ ጽሑፍ ጋር ከተጣላ ማኑዋሉን እመኑ።

መጀመሪያ፦ ያላችሁ ምን ዓይነት ነው?

በከተማችን የምናያቸው አብዛኞቹ ሞተሮች፣ የባጃጅ ኩባንያው ቦክሰርም ቲቪኤሱም፣ ባለ ካቴና ናቸው። ካርዳን ያላቸው ጥቂት ናቸው። የቢኤምደብልዩ ቦክሰሮች (ሲሊንደራቸው ግራና ቀኝ የተዘረጋው) አሉ፣ ሞቶ ጉዚ አለ፣ ያማሃ ቪራጎ አለ፣ ሆንዳ ዶቪልና ጎልድ ዊንግ አሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቢኤምደብልዩ በ1923 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል፣ አር 32፣ ባለ ካርዳን ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከካምቢዮው የሚወጣው ኃይል መጀመሪያ በክሮቼራ በኩል ያልፋል። ክሮቼራ ማለት ዘንጉ እየዞረም እንዲታጠፍ የሚያስችለው የመስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ ነው። ጎማው ጉድጓድ ላይ ወጥቶ ሲወርድ የዘንጉ አቅጣጫ ይለዋወጣል፤ ያንን የሚችለው ክሮቼራ ነው። ከዚያ ዘንጉ በሹካው፣ ማለትም የኋላ ጎማውን በያዘው ክንድ፣ ቱቦ ውስጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ ፒኞን የምትባል ትንሽ ማርሽ አለች። እሷ ትልቁን ማርሽ፣ ኮሮናን፣ ታዞራለች፤ ኮሮና ደግሞ ጎማውን። አዎ፣ ኮሮና። መካኒኮቻችን ስሙን ከበሽታው በፊት ነው ከጣልያን የወሰዱት።

ኮሮናና ፒኞን ያሉበትን ቤት ሰው ሁሉ ዲፍረንሻል ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ዲፍረንሻል አይደለም። አንድ ጎማ ብቻ ስላለ ለሁለት የሚያካፍለው ነገር የለውም። ግን ጋራዥ ገብታችሁ ሌላ ስም ብትጠሩ የሚገባው ሰው አታገኙም፤ እኔም እዚህ ዲፍረንሻል እለዋለሁ።

ሁለት ነገር ለዩ። አንደኛ፣ የኋላ ጎማችሁ በአንድ በኩል ብቻ ተይዞ እንደ መኪና ጎማ በብሎን የሚታሰር ነው ወይስ በሁለት ሹካ መሃል በአክስል የሚገባ? በአክስል የሚገባ ከሆነ የጎማው ማዕከልና ዲፍረንሻሉ የሚገናኙበት ጥርስ አለ፤ እሱም ግሪስ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ዘንጋችሁ ስንት ክሮቼራ አለው? የድሮዎቹ ቢኤምደብልዩዎች ከፊት አንድ ብቻ ነበራቸው፤ ዘንጉም በሹካው ውስጥ የራሱ ዘይት ነበረው። በ1987 እ.ኤ.አ. በአር 80 ጂኤስ እና በአር 100 ጂኤስ የመጣው ፓራሌቨር የሚሉት አሠራር ግን ሁለት ክሮቼራ አለው። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

የአምስት ደቂቃ ፍተሻ

ይህን በወር አንዴ አደርጋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡና እስኪፈላ። ሞተሩ ባለ ሁለት እግሩ ስታንድ ላይ ይቁም፣ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሳ። ይህ ስታንድ ከሌላችሁ ከሥር ክሪክ አድርጉ፤ አንድ ሰው ግን ፊቱን ይያዝላችሁ።

ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ውሰዱ። ዲፍረንሻሉን ዙሪያውን ጥረጉ። በተለይ ከጎማው ጋር የሚገናኝበትን ክብ፣ ከዚያ የታችኛውን ብሎን፣ ከዚያ ከሹካው ጋር የሚያያይዘውን የላስቲክ ሽፋን። ጨርቁ ላይ ዘይት ከታየ ኦይል ሲሉ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) መልቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። ትንሽ ላብ የመሰለ እርጥበት ሲሆን እየተከታተላችሁ መንዳት ትችላላችሁ። ጎማው ወይም የፍሬኑ ዲስክ ላይ የደረሰ ዘይት ከሆነ ግን አትንዱት። በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ላይ ዘይት የነካው የኋላ ጎማ ምን እንደሚያደርግ መሞከር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች በሁለት እጅ ያዙ። አንዱን እጅ ግፉ፣ ሌላውን ሳቡ። ከዚያ ግራና ቀኝ ይዛችሁ ድገሙት። የሚንቀሳቀስ ነገር አለ? ከላይና ከታች ይዛችሁም ግራና ቀኝ ይዛችሁም የሚወዛወዝ ከሆነ የኮሮናው ትልቁ ኩሽኔታ (ማርሹ ተደግፎ የሚዞርበት ቀለበት) ተጠርጣሪ ነው። በአንዱ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ግን ዲፍረንሻሉ ከሹካው ጋር የሚያያዝበትን መገጣጠሚያ ተመልከቱ። እሱ ርካሽ ነው። ኩሽኔታው አይደለም።

በመጨረሻ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩ። ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። የሚሰማው ለስላሳና ወጥ ድምፅ መሆን አለበት። የሚፈጭ፣ እንደ አሸዋ የሚል ወይም አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ ከሆነ መዝግቡት። ከዚያ አንደኛ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ጠፍቶ ጎማውን ወዲያና ወዲህ ነቅንቁ። ጥቂት መላላት ሁልጊዜ ይኖራል፤ የካምቢዮው ጥርሶችም ድርሻ አላቸው። ስለዚህ «ይህን ያህል ጥሩ ነው» ብዬ ቁጥር አልሰጣችሁም። ጎማው ጠርዝ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ስንት ጣት እንደተንቀሳቀሰ ለኩ፣ ከቀኑ ጋር ጻፉት። ጠቃሚው ቁጥር የዛሬው ሳይሆን ከዛሬ ስድስት ወር በኋላ ያለው ልዩነት ነው።

ዘይቱን መቀየር

ከሁሉም ሥራ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ይህ ነው፤ ደግሞ ቀላሉም። ብዙ ማኑዋሎች ከ10,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ቀይሩ ይላሉ። ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ የሚመላለስ ሰው ያንን ኪሎ ሜትር ቶሎ አይሞላም። ስለዚህ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በዘመን ቁጠሩ። እኔ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ እቀይራለሁ። ውሃ ውስጥ ከገባሁ መስከረም ላይ እደግማለሁ።

የምትፈልጉት ዘይት በካርቶኑም በቆርቆሮውም ላይ ሁለት ነገር የተጻፈበት ነው። አንደኛው ውፍረቱ፣ ብዙ ጊዜ 75ደብልዩ-90 ወይም 80ደብልዩ-90። ሁለተኛው ደረጃው፣ ጂኤል-5 ወይም ሃይፖይድ የሚል። አንዳንድ አሮጌ የጃፓን ሞተሮች ጂኤል-4 ይላሉ፤ ማኑዋላችሁን እዩ። የኤንጂን ዘይት እዚህ አይሠራም። ምክንያቱም የኮሮናና የፒኞን ጥርሶች እየተሽከረከሩ ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ነው የሚጋፉት። ግፊቱ ተራ ዘይትን ከመሃል ገፍቶ ያስወጣዋል። ለዚህ የተሠራው ዘይት ውስጥ ያለው ሰልፈርና ፎስፈረስ ብረቱ ላይ ቀጭን ሽፋን ይሠራል። የሚገማውም ለዚሁ ነው። ሽታው ከልብስ አይለቅም፤ እኛ ቤት የካምቢዮ ዘይት የነካው ሱሪ ከበር ውጭ ያድራል።

ስለ አየሩ አትጨነቁ። አንዳንዱ «አዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ ቀጭን ዘይት ይሻላል» ይላል። ከፍታ የሚያስቸግረው አየር የሚተነፍሰውን ኤንጂን እንጂ የማርሽ ዘይትን አይደለም። የኅዳር ሌሊት ቢበርድም ለ75ደብልዩ-90 ምንም አይደለም። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ በሐምሌ ሙቀት ስትወርዱ ደግሞ ያ 90 ያስፈልጋችኋል።

አሁን ወደ ሥራው።

አንድ። ሞተሩን አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ንዱት። የሞቀ ዘይት ይቀጥናል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል።

ሁለት። ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። በጎን ስታንድ አይሆንም፤ ሞተሩ ካዘነበለ ልኩ ይሳሳታል።

ሦስት። መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው፣ ዘይት የሚሞላበት ብሎን ነው። ይህን አስምሩበት። የታችኛውን አስቀድማችሁ ዘይቱን አፍስሳችሁ የላይኛው እምቢ ካለ ባዶ ዲፍረንሻል ታቅፋችሁ ቀራችሁ። እሁድ ከሰዓት ደግሞ የሚረዳችሁ ሰው አታገኙም።

አራት። ከሥር ንጹሕ ዕቃ አድርጉና የታችኛውን ፍቱ። ጎማው ላይ እንዳይረጭ ካርቶን ጣልቃ አስገቡ። መፍሰሻ የሌላቸው ሞተሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ የቢኤምደብልዩ አር 1200 ጂኤሶች እንዲህ ናቸው፤ በእነሱ ዲፍረንሻሉን ወደ ታች ማጠፍ ያስፈልጋል። አጠፋፉ ከታች አለ።

አምስት። የወጣውን አትድፉት። መጀመሪያ ለኩት። የወጣው መጠን መግባት ከነበረበት በብዙ ካነሰ፣ ዘይቱ የሆነ ቦታ ሄዷል። ውጭ ካልታየ ወደ ሹካው ቱቦ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የፒኞኑ ኦይል ሲል ነው ችግሩ። ቀጥሎ ቀለሙን እዩ። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡኒ ችግር የለውም። ወተት እንደገባበት ሻይ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ከዚያ የብሎኑን ማግኔት ጥረጉት። ግራጫ፣ ለስላሳ፣ እንደ ቅቤ የሚቀባ ነገር የተለመደ የብረት ብናኝ ነው። በጣቶቻችሁ መሃል ስታሹት የሚቆረቁር፣ ብርሃን ላይ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ከሆነ ግን ኩሽኔታ ወይም ጥርስ እየተላጠ ነው። ያኔ አዲስ ዘይት ሞልቶ መርሳት ራስን ማታለል ነው። ረጅም መንገድ አትውጡበት፤ ይከፈት።

ስድስት። የታችኛውን ብሎን በአዲስ ሮንዴላ ግጠሙ። የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሮንዴላዋ አንዴ ከተጨፈለቀች ሁለተኛ በደንብ አትይዝም። የቧንቧ ሠራተኛ ነጭ ጥብጣብ ጠቅልላችሁ አጥብቁ የሚል ምክር ከሰማችሁ አትስሙ። ቤቱ አሉሚኒየም ነው። ጥርሱን ከበላችሁት ወደ ቶርኖ ቤት መሄዳችሁ ነው። በእጅ መፍቻ «በደንብ» ከማለት ይልቅ ቶርክ መፍቻ (የጥብቀቱን ልክ የሚለካውን) ተዋሱ።

ሰባት። አዲሱን ዘይት በትልቅ መርፌ ሙሉ። ፋርማሲ የሚሸጠው የ50 ወይም የ60 ሚሊ ሊትሩ ጥሩ ነው፤ መርፌው ሳይሆን ትንሽ የላስቲክ ቱቦ ጫፉ ላይ ይደረጋል። መጠኑ ከሞተር ሞተር ይለያያል። ያማሃ ቪራጎ 535 ላይ 190 ሚሊ ሊትር ነው። አር 1200 ጂኤስ ላይ ሲቀየር 180 ያህል ነው። በብዙ የጃፓን ሞተሮች ልኩ ዘይቱ የመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ላይ ሲደርስ ነው። በሌሎች ግን የተለካውን መጠን ብቻ ማስገባት ያስፈልጋል፤ እስከ አፍ መሙላት ይበዛል።

«ትንሽ ላብዛለት» ማለት የእኛ ሰው ደግነት ነው፤ ለወጥ ይሆናል፣ ለዲፍረንሻል አይሆንም። ዘይቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ የአየር ቦታ ያጣል፣ ከዚያ ደካማውን በር ይፈልጋል። ደካማው በር ኦይል ሲሉ ነው። እኔ ከዚያች ጥቁር ሲኒ በኋላ የሰጠሁት አንድ ጋራዥ እስከ አፉ ሞልቶ መለሰልኝ። በሳምንቱ ዘይቱ ቸርኬው ላይ ነበር።

ስምንት። ሁሉንም በብሬክ ማጽጃ ወይም በሳሙና ጥረጉ። ዲስኩንና ጎማውን በተለይ። የተቃጠለውን ዘይት ቱቦ ውስጥ አትድፉ፤ ጋራዦች ይሰበስባሉ፣ ለአጥር እንጨት የሚፈልግም ጎረቤት አይጠፋም።

የዘንጉ ጥርስና ክሮቼራው

እስካሁን ያለውን ማንም ይሠራዋል። ይህኛው ግማሽ ቀን ይወስዳል። በሁለት ዓመት አንዴ፣ ወይም ጎማ ባስቀየራችሁ ቁጥር ብትሠሩት ይበቃል። ጎማው ከወጣ ግማሹ ሥራ አልቋልና።

ዘንጉ ከዲፍረንሻሉ ጋር የሚገናኘው በጥርስ ነው። አንዱ ውስጥ አንዱ ይገባል። ሹካው ሲወጣና ሲወርድ ጥርሶቹ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይንሸራተታሉ። ግሪሱ ሲደርቅ ብረት በብረት ይፈጫል። ስትከፍቱት በርበሬ የመሰለ ቀይ ዱቄት ካገኛችሁ ያ ዱቄት የእናንተው ዘንግ ነው። ጥርሱ እየተበላ ሄዶ አንድ ቀን ኤንጂኑ ይጮሃል፣ ሞተሩ አይሄድም።

ጎማውን አውጡ። የፍሬኑን ካሊፐር (ዲስኩን የሚቆነጥጠውን) ፍቱና በሽቦ እሰሩት፤ በዘይት ቱቦው አታንጠልጥሉት። ካሊፐሩ ወጥቶ እያለ ማንም የኋላ ፍሬን እንዳይረግጥ ተናገሩ። ግቢ ውስጥ ሞተር ላይ መቀመጥ የሚወዱ ልጆች ካሉ ይህ ማስጠንቀቂያ ለእነሱ ነው። ኤቢኤስ ካለው ሴንሰሩን በቀስታ አውጡ፤ ገመዱ ስስ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በብዙ የጃፓን ሞተሮች ዲፍረንሻሉ ከሹካው ጋር በጥቂት ዳዶዎች ነው የታሰረው፤ ዳዶዎቹን ፈትታችሁ ወደ ኋላ ስትስቡት ዘንጉን ይዞ ወይም ለቆ ይወጣል። ክብደቱን ተዘጋጁለት። ፓራሌቨር ባላቸው ቢኤምደብልዩዎች ደግሞ የላስቲክ ሽፋኑን ማሰሪያ ትፈታላችሁ። ከዚያ ዲፍረንሻሉን የሚደግፈውን የማይዞር ብረት ከአንድ ጫፉ ትለቃላችሁ። አር 1200 ጂኤስ ላይ ይህ ከላይ ነው ያለው። ዲፍረንሻሉ በመገጣጠሚያው ላይ ወደ ታች ይታጠፋል፤ የሚዞረው ዘንግም ከጥርሱ ይላቀቃል። ከሥር እንጨት ወይም ጠንካራ ሣጥን አድርጉ፣ በድንገት እንዳይወርድ።

አንድም ነገር ከማላቀቃችሁ በፊት ምልክት አድርጉ። ነጭ ቀለም ወይም የጥፍር ቀለም ይበቃል። የጥፍር ቀለም ስጠይቅ እህቴ «ለማን ነው?» አለችኝ፤ ለካርዳን ነው ብዬ ለማስረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ምልክቱ ለምን? ሁለት ክሮቼራ ባለው ዘንግ ሁለቱ መስቀሎች እርስ በርስ የተስተካከሉ መሆን አለባቸው። አንድ ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር ፍጥነቱ እኩል አይደለም፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ሁለተኛው ክሮቼራ በትክክለኛው ቦታ ከሆነ የመጀመሪያውን መዛባት ያጠፋዋል። ጥቂት ጥርስ ተዛንፎ ከገባ ግን ይጨምርበታል። ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ነው የተማርኩት። አዛንፌ ገጥሜ በ60 ፍጥነት እግሬ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጎማው ነው ብዬ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። አመጣጠነልኝ። ያው ነው። ቸርኬው ይሆናል አልኩ። ሦስት ሳምንት ተንከራትቼ እንደገና ስከፍተው ምልክቱ ሌላ ቦታ ነበር።

ክሮቼራውን በእጅ ፈትሹ። በአራቱም አቅጣጫ እጠፉት። እንደ ቅቤ መሄድ አለበት። መሃል ላይ ሲደርስ «ጠቅ» ብሎ የሚቆም ከሆነ የውስጡ መርፌ ኩሽኔታዎች ቦታቸውን ቆፍረዋል ማለት ነው። መላላት ካለበት ወይም ዙሪያው ዝገት ከወጣበት ጊዜው አልፏል። በብዙ ሞተሮች ላይ ክሮቼራው ተቀጥቅጦ የተዘጋ ነው፤ አምራቹ ዘንጉን በሙሉ ቀይሩ ነው የሚለው። የመኪና ዘንግ የሚሠሩ ጥሩ ቶርኖ ቤቶች ከፍተው ሌላ ያስገቡለታል። አያዋጣም አልልም። ግን ሚዛኑን የሚያስተካክልላችሁና መስቀሉን መሃል ላይ የሚያሳርፍላችሁ ባለሙያ መሆኑን አረጋግጡ። በመዶሻ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ዘንጋችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጥርሶቹን በጨርቅና በጥቂት ቤንዚን እስኪነጡ አጽዱ። ሲጋራ አጠገብ አይሁን። ጥርሱ ከጎን ሲታይ ቀጥ ብሎ ጠርዙ ጠፍጣፋ ከሆነ ደህና ነው። እንደ መጋዝ ጥርስ ሾሎ ወደ አንድ ወገን ከተጋደመ ዕድሜው አልቋል። ከዚያ ግሪሱ። የኩሽኔታ ተራ ግሪስ አይበቃም፤ ግፊቱ ያስወጣዋል። ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የበዛበት ጥቁር ግሪስ ወይም ፓስታ ፈልጉ። ጣታችሁንና ሱሪያችሁን ያጠቁራል፤ ሥራውንም የሚሠራው ያው ጥቁሩ ነገር ነው። በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ በየጥርሱ መሃል ቀቡ። መከመር አያስፈልግም፣ ትርፉ ዞሮ ዞሮ ሽፋኑ ውስጥ ነው የሚረጨው። ጎማው በአክስል የሚገባ ከሆነ የጎማውንም ማዕከል ጥርስ እንደዚሁ አድርጉ።

መልሳችሁ ስትገጥሙ የላስቲክ ሽፋኑ ላይ ጊዜ ስጡ። ከንፈሩ በሁለቱም በኩል ጎድጓዳው ውስጥ ዙሪያውን መቀመጥ አለበት። ቀላል ይመስላል። ግን ከታች ባለች የማትታይ ቦታ ላይ የተጣመመች ከንፈር ሐምሌን ሙሉ ውሃ ታስገባለች። በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱ። የተሰነጠቀ ከሆነ አሮጌውን አትጠግኑት፣ ቀይሩት።

የጎማ ብሎኖችን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በማኑዋሉ ልክ አጥብቁ። አር 1200 ጂኤስ ላይ አምስቱም 60 ኒውተን ሜትር ናቸው።

ዕቃ ፍለጋ

የሞተሩን ስም ብቻ ጠርታችሁ መርካቶ ብትሄዱ «የለም» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ስም አትጥሩ፣ ቁጥር ጥሩ። ኦይል ሲል ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ የውስጡ ስፋት፣ የውጭው ስፋት፣ ውፍረቱ፣ ሁሉም በሚሊ ሜትር። ኩሽኔታ ጠርዝ ላይም ቁጥር ተቀርጿል። ብዙዎቹ ለሞተር ሳይክል ብቻ የተሠሩ አይደሉም፤ መኪናም ፓምፕም ላይ ያሉ ናቸው። አሮጌውን በኪሳችሁ ይዛችሁ ሶማሌ ተራ ሂዱና ቁጥሩን አሳዩ። ያው ቁጥር ሆኖ ዋጋው በጣም የሚለያይ ሁለት ኩሽኔታ ካሳዩአችሁ፣ ለኮሮናው ውዱን ግዙ። እዚያ ቦታ ላይ መቆጠብ ሥራውን ሁለቴ መሥራት ነው።

ክረምትና ላቫጆ

የሞቀ ዲፍረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ውሃም ይስባል። በመተንፈሻዋ ቀዳዳ ወይም በደከመ ኦይል ሲል በኩል። ስለዚህ ዝናቡ ካቆመ በኋላ መንገዱ ዳር ኩሬ ሲሠራ ጥልቀቱን ሳታውቁ አትግቡ። ከገባችሁ፣ ጎማው እስከ ግማሹ ከሰመጠ፣ በዚያው ሳምንት ዘይቱን እዩት።

ላቫጆ ላይ ደግሞ ልጆቹ ትጉ ናቸው። የግፊት ውሃውን ወደ ላስቲክ ሽፋኑና ወደ ኦይል ሲሉ ቀጥታ ያነጣጥሩታል፣ እንዲጸዳላችሁ ብለው። «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ በጨርቅ ብቻ» በሏቸው። ጉርሻ ካሰባችሁ ከማጠቡ በፊት ስጡ፣ በደንብ ይሰማችኋል።

መሞከሪያ መንገድ

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ፍሬኑን እየረገጣችሁ ፔዳሉ እስኪጠነክር ሞክሩ፤ ካሊፐሩ ወጥቶ ነበርና የመጀመሪያው ረገጣ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ውጡ።

እኔ የምሞክረው ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ነው። እሁድ ጠዋት፣ መኪና ሳይበዛ። ሽቅብ ስትወጡ ዘንጉ ሸክም ይይዛል፤ የሚያጉረመርም ድምፅ ካለ እዚያ ይሰማል። ላይ ደርሳችሁ ስትመለሱ ጋዙን ልቀቁና ኤንጂኑ ይያዛችሁ። አሁን ጥርሶቹ በሌላው ፊታቸው ነው የሚጋፉት። ሽቅብ ዝም ብሎ ቁልቁል የሚያፏጭ ከሆነ ወይም ተቃራኒው ከሆነ ያንን ለመካኒካችሁ ንገሩ፤ ግማሽ ምርመራውን ሠራችሁለት ማለት ነው። ጋዝ ስትሰጡ ኋላው ትንሽ ከፍ ቢል የካርዳን ጠባይ ነው፣ አትደንግጡ። ጋዝ ስትሰጡና ስትለቁ «ጓ» የሚል ግልጽ ምት ካለ ግን ጠመኔውን አውጡና መላላቱን እንደገና ለኩ።

ቤት ስትመለሱ ዲፍረንሻሉን በእጅ ጀርባ ንኩት። ሞቅ ማለቱ ደግ ነው። እጅ የሚያስነሳ ትኩሳት ከሆነ ዘይቱ በዝቷል ወይም አንሷል፣ ወይም ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል። ከዚያ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን አንጥፉና አሳድሩት። ጠዋት ካርቶኑን እዩት። ደረቅ ከሆነ የቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በዚያው ካርቶን ላይ ጻፉና ግድግዳው ላይ ስቀሉት። የእኔ ግድግዳ ላይ አሁን አራት ካርቶን አለ።